ለሙሉ ጭነት

አባቴ የሰውን ክብደት መጠየቅ ነውር መሆኑን እስከ ዛሬ አልተማረም። እንግዳ ቤታችን መጥቶ ገና ወንበር ሳይስብ «ስንት ኪሎ ሆንክ?» ይለዋል። ሽማግሌ ነው፣ ሙሽራ ናት ብሎ አይመርጥም። እናቴ ፊቷን በእጇ ሸፍና «አትቀየሙት፣ እሱ ሰው ሁሉ ጭነት ይመስለዋል» ስትል ኖራለች። እኔን ሊተዋወቅ የመጣ አንድ የባንክ ሠራተኛ በዚህ ጥያቄ ደንግጦ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው። አውቶቡስና የጭነት መኪና በሚገጣጠምበት ፋብሪካ ውስጥ አክስልንና ባሌስትራን የሚነድፈው እሱ ነው። ባሌስትራ ያው መኪና ሥር የምታዩት ነው፤ ግራና ቀኝ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ዘንግ፣ ከአክስሉ ጋር የታሠሩ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረቡ፣ ጎበጥ ያሉ ዝርግ ብረቶች። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ተሳፋሪውም አብሮ እንዳይገባ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ብረቱ ሲበዛ ብዙ ይሸከማል፤ ሲያንስ ይለሰልሳል። ጣጣው፣ ለከባድ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ መኪናው ባዶ ሲሆን ንቅንቅ አይልም፤ መንገዱን እንዳለ ወደ ላይ ይልከዋል። ባዶ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ወገቡ ያስታውሰዋል። ስለዚህ አባቴ እርሳስ ከማንሣቱ በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማን ነው የሚሳፈርበት? ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ባሌስትራ» ነው የሚሉት። እናቴም ስትናደድበት እንደዚያው ትለዋለች።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም «ክብሪት» ነው፤ ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የእናቴ በሽታ አጥንቷ ውስጥ መግባቱን የነገረን ሐኪም ገና ልጅ እግር ነበር። ዐይናችንን እያየ መናገር ስላቃተው ለግድግዳው ነገረው። የጀርባዋ አጥንት እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ ነው፣ ስትገላበጥ እንኳ ተጠንቀቁላት፣ መኪና ላይ ከሆነች ደግሞ አንድ ክፉ ጉድጓድ ይበቃታል አለ። ያን ቀን በታክሲ ወደ ቤት ስንመልሳት መኪናው ነቅነቅ ባለ ቁጥር እጄን ጨምቃ፣ እንዳትጮህ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረም። አንገቱ ግን በላብ ተጠምቆ ነበር።

እናቴ ታላቅ እህት አለቻት። እናታቸው ልጆች ሳሉ ስለሞተች ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ፀጉሯን ያበጠረችላት፣ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት፣ ለአባቴም መርቃ የሰጠቻት። የምትኖረው ከኮረብቶቹ ማዶ፣ አስፋልቱ አልቆ የሚጀምረው የጠጠር መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። እሷም እግሯ ከዳት፤ ከአልጋ አትወርድም። ጆሮዋ ደግሞ ጭራሽ ዘጋ። እናቴ ስልክ ስትደውልላት ጎረቤት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይለጥፍላታል፣ አክስቴ «ማነው? ማነው?» እያለች ትጮሃለች፣ እናቴም «እኔ ነኝ እትዬ፣ እኔ ነኝ» እያለች ትጮሃለች፣ ከዚያ ይዘጋል። አንድ ከሰዓት እንዲህ ተጯጩኸው ሲያበቁ እናቴ ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀምጣ አባቴን ጠራችው።

«እትዬን አንዴ እጇን ልያዝ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

«በዚያ መንገድ?»

«አንተ ሥራህ ምንድነው?» አለችው።

አባቴ ከፋብሪካው ጓሮ የተጣለ አሮጌ ሚኒባስ ለምኖ ወሰደ። ነባሩን ባሌስትራ አውጥቶ ጣለና ከዜሮ ጀመረ። የእናቴ አልጋ በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል፣ መኪናው ከሌላው ቦታ ሁሉ ያነሰ በሚናጥበት ላይ እንዲታሠር ወሰነ። ለጭነቱ ማን ማን እንደሚሳፈር አሰበ፤ እናቴ፣ እሱ፣ እኔ፣ ወንድሜ፣ የወንድሜ ሚስትና ልጆቻቸው። ወንድሜ ሌላ ከተማ የውሃ መሥመር ዘርጊ ነው፤ ፈቃድ ወስዶ ቤተሰቡን ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገባ። «ሁላችንም ነን የምንሄደው» አለ አባቴ አፉን ሞልቶ። «ሙሉ ቤተሰብ። ሙሉ ጭነት።»

በእነሱ ሙያ መኪና ሲፈተሽ በሰው ፋንታ የአሸዋ ከረጢት ወንበር ላይ ይቀመጣል። አባቴ ለእያንዳንዳችን ከረጢት ሞላልን፤ በየከረጢቱ ላይም በጠመኔ «ልጄ»፣ «ምራቴ»፣ «ትንሹ» ብሎ ጻፈ። የኔን ሳየው «ይሄን ያህል ወፍሬያለሁ?» ብዬ ተጣላሁት። አልጋው ላይ የተኛው ከረጢት ላይ ምንም አልጻፈም። ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ወጣ ገባ ቦታ ላይ የአሸዋ ቤተሰቡን ጭኖ ሲመላለስ ይውላል፤ ወለሉ ላይ እስከ አፉ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ግማሹ ፈሰሰ። ከዚያ ትንሽ ፈሰሰ። ከዚያ አንድ ቀን ጠብታም አልፈሰሰም፤ የፋብሪካው ሰዎች አጨበጨቡለት።

ያን ቀን እንሄዳለን ብዬ የእናቴን መድኃኒት በከረጢት አዘጋጀሁ። ወንድሜም ከነቤተሰቡ መጥቶ ነበር። አባቴ ግን እጁን እየጠረገ ገባና «የኋላውን ባሌስትራ ማሠሪያ ጎማ አልወደድኩትም፣ ሁለት ቀን ስጡኝ» አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ንዝረት የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ዘይት ይተፋል አለ። ከዚያ የፊተኛው አክስል አንድ ነገር ያሰማል አለ፤ እኔ ጆሮዬን ደቅኜ ምንም አልሰማሁም። ወንድሜ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ሰነበተና ፈቃዱ አለቀ። ሲሄድ አባቴን አቅፎ አልተሰናበተውም። እኔም ደሜ ፈላ።

ልጣላው ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። የምናገረውን መንገድ ላይ ስደረድር ነበር፤ ሰውየው ሙያውን ሊያሳይ ነው እንዴ፣ እናቴ ናት የምትጠብቀው፣ ውድድር አይደለም። ሚኒባሱ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። አባቴ ውስጥ ተንበርክኮ፣ ያንን ምንም ያልተጻፈበትን ከረጢት አፉን ፈትቶ፣ በጣሳ አሸዋ ያወጣል። ጠዋት እናቴን መዝኗት ነበር፤ በየሳምንቱ ይመዝናታል። አንድ ጣሳ ቀዳና ባልዲ ውስጥ ከተተ። ከረጢቱን በሁለት እጁ አቅፎ እንደ መመዘን አደረገው። ሌላ ጣሳ ቀዳ፤ ይኼኛውን ግን አልደፋውም፣ ይዞት ቀረ። የደረደርኩትን ሁሉ ውጬ ሳያየኝ ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? መኪናው ካለቀ ቆየ» አልኳት። ያየሁትን አልነገርኳትም።

«ተይው» አለች ዐይኗን ሳትገልጥ። «መኪና እየሠራ አይደለም።»

«ታዲያ ምን እየሠራ ነው?»

«እኔን እያቆየ ነዋ። እትዬን ካየሁ በኋላ የምጠብቀው ነገር እንደሌለኝ ያውቃል። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብረን ኖረን ይቺ የምትጠፋኝ መስሎሃል?» አለች፤ እዚያ የሌለውን አባቴን እያናገረች።

ማቆየትም ፍቅር ነው፤ ግን እሷ በየቀኑ እየቀለለች፣ እየደከመች ነበር። አንድ ጠዋት ውሃ ለመዋጥ ስትቸገር አየኋት። እሷም እኔ ማየቴን አየች። አባቴ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጠራችውና «ባሌስትራ፣ ነገ» አለችው።

«የኋላው አክስል…»

«ነገ። ቢንጠኝም ባይንጠኝም ነገ።»

አባቴ ለወንድሜ ደወለ። አለቃው ሁለተኛ ፈቃድ ከልክሎታል። «ስመጣ አስቀምጠኸኝ መለስከኝ እኮ!» እያለ ሲጮህ ከስልኩ ውጭ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ ጩኸቱ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። አባቴ «እሺ ልጄ፣ እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» እያለ ቆሞ አዳመጠው።

በማግስቱ ለሙሉ ቤተሰብ በተሠራ መኪና ሦስት ሰው ሆንን። ያውም አንዷ እናቴ፤ አባቴ ብቻውን ብድግ አድርጎ አልጋዋ ላይ አስተኛት። ከዚያ ፋብሪካ ያሉትን የአሸዋ ከረጢቶች አምጥቶ በየወንበሩ መደርደር ጀመረ። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«በእነሱ ፋንታ ነው። ባዶውን ይደልቃል።»

«አውርድልኝ። እኔ ከአሸዋ ጋር አልሄድም። እዚያ ሥር የምተኛበት ጊዜ ሩቅ አይደለም፣ ምን አስቸኮለህ?»

አባቴ ተለማመጣት። እኔም ለመንኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «ምራቴ» የተጻፈበትን ከረጢት እያየች «ይቺ ደግሞ በደኅናው ጊዜም አትስቅልኝም» ብላ ራሷ ሳቀች፤ ሳቁ አሳመማት። አባቴ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አወረደ።

አስፋልቱ ላይ ደኅና ሄድን። የእናቴን እጅ ይዤ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ዛፎችና የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች በመስኮት ሲያልፉ እየነገርኳት ነበር። ጠጠሩ ሲጀምር መኪናው ዱብ አለ። ከዚያ ዱብ ዱብ። ባሌስትራው ክብደት አጥቶ ግትር ብሏል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይመጣል። አባቴ በሰው እርምጃ ነዳ፤ ለውጥ የለም። እናቴ ጥፍሯን እጄ ውስጥ ቀበረች። አንድ ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ላይ የኋላው ጎማ ሲወድቅ ከአፏ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

አባቴ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ከጎማዎቹ ትንሽ ትንሽ አየር አስተነፈሰ፤ ከባሌስትራው ብረት ላውጣ ቢል መኪናውን በክሪክ ማንሣት ሊኖርበት ነው፣ እሷ ውስጥ ተኝታ ደግሞ አይሆንም። ተመልሶ በሩን ከፈተ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እንመለስ» አላት። «ለሙሉ ጭነት ነው የሠራሁት። ባዶውን እንዲህ እንደሚሆን እያወቅሁ… ይቅር በይኝ። እንመለስ።»

እናቴ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። ላብ ግንባሯ ላይ ነበር፤ በመሀረብ ጠረግሁላት።

«ባዶ ስለሆነ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሰው ጫን።»

አባቴ ዞሮ መንገዱን አየ። ከገበያ የሚመለስ፣ ከሥራ የሚመለስ፣ ጥላ የያዘ፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው በጠርዙ ይጓዛል። እኔ ሚኒባሱን ከፍቼ «ኑ ግቡ፣ በነፃ ነው» ብዬ ጮህኩ፤ በነፃ ሲባል ሰው እንደሚጠራጠር ያን ቀን ተማርኩ። መጀመሪያ የመጡት ሁለት ግንበኞች ናቸው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ «ስንት ኪሎ ናችሁ?» አላቸው። ተያዩ። ነገሩት፤ አንዱን ከኋላ በቀኝ፣ አንዱን በግራ አስቀመጠ። ቀጥላ አንዲት ደልደል ያለች የልብስ ነጋዴ ጥቅሏን ይዛ ስትመጣ ያንኑ ጠየቃት።

«ልትገዛኝ ነው?» አለችው ወገቧን ይዛ። «ምን አገባህ አንተ ሰውዬ?»

አባቴ በጣቱ ወደ ውስጥ አመለከታት፤ አልጋው ላይ ያለችውን እናቴን፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ጎማውን። «መኪናው ሲከብድ ነው ለሷ የሚመቻት» አለ በመጨረሻ። ሴትየዋ እናቴን አየቻት። ጥቅሏን ወደ ውስጥ ወረወረችና «እኔማ ለዚህ ነው የተፈጠርኩት፣ የት ልቀመጥ?» አለች። ከእናቴ እግር ሥር ስትቀመጥ መኪናው ትንሽ ዝቅ ሲል ተሰማኝ። ከኋላዋ አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ ሕፃን ያዘለች ወጣት፣ ጆንያ ሙሉ ድንች የተሸከሙ አዛውንት ገቡ። አባቴ እያንዳንዳቸውን ቦታ ቦታቸው ላይ አደላደላቸው፤ አዛውንቱን «አባቴ፣ ጆንያውን ወደዚህ፣ ከአክስሉ በላይ» ሲላቸው «አክስልህን አላውቀውም፣ ግን እሺ» አሉት።

መኪናው ሲነሣ ሌላ መኪና ነበር። ጠጠሩ ከሥራችን ይንኮሻኮሻል እንጂ ወደ ላይ አይመጣም። ባሌስትራው ይተነፍሳል፤ ዝቅ ይላል፣ ቀስ ብሎ ይነሣል። እናቴ እጄን ለቀቀችው። የልብስ ነጋዴዋ የእናቴን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ስለ ደንበኞቿ እያማች ታስቃት ጀመር፤ ፀጉር አስተካካዩ የማን ራስ ላይ ምን እንዳገኘ ይናገራል፤ ግንበኞቹ ይስቃሉ። አንዱ ወራጅ ቦታው ሲደርስ «ወራጅ የለም! ከፊታችን ያለውን ወንዝ እስክንሻገር ትቀመጣለህ» ብላ የከለከለችው የልብስ ነጋዴዋ ናት። ተቀመጠ። ሁሉም ቤታቸውን አልፈው መጡ። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ እነሱን ሳይሆን እናቴን ያይ ነበር፤ ያን ዕለት በመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ወረደ። ወንድሜ እዚህ መኖር ነበረበት፤ አልነበረም።

አክስቴ ቤት ስንደርስ ግንበኞቹ እናቴን ከነፍራሿ አውርደው አስገቡልን። አክስቴ ከትራሷ ቀና ብላ በሩን ታያለች። ጆሮዋ ስለማይሰማ ድምፅዋን አትመጥንም፤ «ማንን ነው የምታመጡብኝ?» ብላ ጮኸች። አጠገቧ አስተኛናት። እናቴ የአክስቴን እጅ ይዛ የራሷ ጉንጭ ላይ አደረገችው። አክስቴ ጣቶቿን በጉንጯ፣ በግንባሯ፣ በፀጉሯ ላይ አዘዋወረች።

«ምነው እንዲህ አለቅሽ የኔ ልጅ?» አለች። መንደሩ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ አቀፈቻት። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ የልብስ ነጋዴዋ እያለቀሰች ነበር የወጣችው።

ከሰዓት በኋላ አባቴ አልጋው አጠገብ ቁጭ አለ። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። እናቴ ፊቷ ላይ ያለው ሰላም ለወራት ያላየነው ነው። ያ ሰላም አስፈራኝ።

«ነገ ጠዋት ሳይሞቅ እንነሣ» አላት። «እነዚያን ሰዎች እለምናቸዋለሁ፤ ሲመለስም እንዲሁ ይለሰልሳል። ለመመለስም ነው የሠራሁት።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ጥሩ አድርገህ ሠርተኸዋል። እኔ ግን አልመለስም።»

«ሐኪሙ…»

«አንተዬ። አትከራከረኝ።» እጇን ዘርግታ እጅጌውን ያዘችው። «እዚሁ እሆናለሁ። እናንተም እስከዚያው እዚሁ ሁኑ። ከዚያ ትሄዳላችሁ።»

አባቴ አልተከራከረም። ሳምንታት ሙሉ «ሁለት ቀን ስጡኝ» ሲል የኖረ ሰው አንድ ቀን እንኳ አልለመናትም። ግንባሯን ሳማትና ወጣ።

ትንሽ ቆይቼ ተከተልኩት። ሚኒባሱን በክሪክ አንሥቶ፣ በጀርባው ተኝቶ ከሥሩ ገብቷል። የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። የኋላውን ባሌስትራ ማሠሪያ እየፈታ ነበር። አንድ ዝርግ ብረት ከመሀል አውጥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሌላ።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው? አልሄድም ስትል ሰምተሃታል እኮ!» ድምፄ ከፍ አለ፤ ሊያስገድዳት ያሰበ መሰለኝ።

«ሰምቻታለሁ» አለኝ ከሥር።

«ታዲያ?»

ሌላ ብሎን መፍታት ጀመረ። ብሎኑ ሲላላ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አለው።

«ለሁለት ሰው እያደረግሁት ነው» አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። «አሁን? እማዬ እዚያ ውስጥ እየሳቀች?» አልኩት። እውነትም ከግድግዳው ወዲያ የአክስቴ ጩኸትና የእናቴ ደካማ ሳቅ ይሰማ ነበር።

«እየሳቀች ሳለ ነው መሥራት የምችለው» አለኝ። «ከዚያ በኋላ እጄ እሺ አይለኝም። ነይ፣ ይሄን ብሎን ያዥልኝ።»

ገብቼ ከጎኑ ተኛሁና ያዝኩለት።